የምንጊዜም ምርጡን ፈረሰኛ ክርክር ሥርዓት ለማስያዝ የወጣ አዋጅ ቁጥር 90+4

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በካታንጋ ስትዘምር የከረምክ፣ በሚስማር ተራ የቆምክ፣ በዳፍ ትራክ ጉሮሮህን የጨረስክ፣ ከማን አንሼ ተቀምጠህ በእውነትም ከማንም ያላነስክ፣ ጥላ ፎቅ ወጥተህ ፀሐይ እንዳትነካህ የከፈልክ፣ ሁላችሁም አድምጡ!

ፈረሰኞቹ የሚባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ከተመሠረተ ወዲህ «ከሁሉም የሚበልጠው ተጫዋች ማነው?» የሚለው ጥያቄ ያለ ሕግ ሲመራ የቆየ በመሆኑ፤

በዚሁ ጥያቄ የተነሣ ማኪያቶ ቀዝቅዞ፣ ድራፍት ሞቆ፣ ሚዜ ከሙሽራ ተኳርፎ፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥም ሟች ተረስቶ «እሱማ በግራ እግሩ ነው ያገባው» የተባባሉ ሰዎች መኖራቸው ስለተረጋገጠ፤

የአዲስ አበባ ስታዲየም ለዓመታት በዕድሳት ተዘግቶ፣ ሊጉም ከከተማ ከተማ ሲዞር በመቆየቱ፣ ደጋፊው የዛሬውን ጨዋታ በቴሌቪዥን የጥንቱን ደግሞ በአፍ ለመከታተል የተገደደ በመሆኑ፤ ፒያሳም ስትፈርስ ተከራካሪው ጠረጴዛውን ጥሎ ክርክሩን ብቻ ተሸክሞ ወደየኮንዶሚኒየሙ የተሰደደ በመሆኑ፤

በጥግ ጠረጴዛ የተሰየመው አርቃቂ ኮሚቴ በሁሉም ስብሰባዎቹ ተጣልቶ፣ ባልተጣላበት በአንዱም ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ቀርቶ፣ የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የአስጨርሰኝ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ሙሉ ርዕሱን ሳያቋርጥ የሚያዳምጥ ደጋፊ እስካሁን አልተገኘም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

በዚህ አዋጅ ውስጥ የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ምንጊዜም» ማለት ተከራካሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም ከገባበት ቀን ጀምሮ ጉልበቱ ደረጃ አልወጣም እስካለበት ቀን ድረስ ያለው ዘመን ነው። «አይቼዋለሁ» ማለት በዓይን ማየትን፣ በሬዲዮ መስማትን፣ አባት ያየውን መውረስን፣ እንዲሁም አባቱ ካየ ሰው ጋር አንድ ሰፈር ማደግን ይጨምራል። «የአሁን ልጆች» ማለት ዕድሜያቸው ምንም ይሁን ምን ከተናጋሪው ጎረምሳነት በኋላ ማልያ የለበሱ ሁሉ ናቸው፤ በዚህ ትርጓሜ መሠረት ለአንዳንድ አዛውንት ሙሉጌታ ከበደም የአሁን ልጅ ነው። «ኳስ ያውቃል» ማለት ከእኔ ጋር ይስማማል ማለት ነው። በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል፤ ይህ ሐረግ የገባው ለወጉ ሳይሆን፣ ከኮሚቴው አባላት አንዷ የቀሩትን ወንዶች በሙሉ ጎል በደቂቃ እየቆጠረች አፋቸውን ስላስያዘቻቸው ነው።

አንቀጽ 3፦ የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ በፈረሰኞቹ ደጋፊዎች ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። የተቀናቃኙ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ በታዛቢነት ሊቀመጥ ይችላል፤ ፈገግ ማለት ግን አይችልም።

በክርክሩ መሐል «ኧረ ሉቺያኖን የት ጣላችሁት?» የሚል አይጠፋም። ሉቺያኖ ቫሳሎ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው የ1954ቱ ብሔራዊ ቡድን አምበል እንደነበረ፣ ዋንጫውንም ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ እንደተቀበለ ኮሚቴው ቆሞ ይመሰክራል። ሆኖም ሰውዬው የድሬዳዋው የጥጥ ክለብ ልጅ ነበር። የእኛ አልነበረም። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንጽፍ የሁለት አባላት ብዕር መንቀጥቀጡ በቃለ ጉባኤው ተይዟል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ይድነቃቸው ተሰማ እና ስለ ማስረጃ

ለ23 ዓመት አንድ ማልያ ለብሶ መጫወት በዛሬ ልጅ ቋንቋ የሚተረጎም ነገር አይደለም። ይድነቃቸው ጣሊያን የክለቡን ስም ነጥቆ «ውቤ ሰፈር» ባሰኘው ጊዜም ተጫውቷል፤ ነፃነት ሲመለስና ስሙ ሲመለስም እዚያው ነበር። በ365 ጨዋታ 318 ጎል አስቆጠረ የሚባለው ቁጥር በክርክሩ ላይ እንደ ሙሉ ማስረጃ ይቀርባል። ቆጣሪው ማን እንደነበር መጠየቅ የተከለከለ ነው። የጠየቀ ሰው 318ቱ ጎሎች የገቡባቸውን በረኞች ስም ዝርዝር በሰባት ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ይገደዳል።

ከሳሽ ወገን የሚያነሣው አንድ ከባድ ነጥብ አለ፤ ማን አየው? መቼም የዕድል ነገር ነው። አባቱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ድረስ ሄደው በሸክላ ያስቀረጹት ድምፅ መቶ ዓመት አልፎት እስከ ዛሬ ይሰማል። የልጃቸውን ጎል ግን ከኮሚቴው አባላት በፊልም ያየ አንድም የለም። አባትየው ተሰምተው ቀሩ፣ ልጁ ተወርቶለት ቀረ። ስለዚህ ይድነቃቸውን በተመለከተ ማስረጃው አፍ ነው፤ አፍ ደግሞ በየዓመቱ አንድ አንድ ጎል ይጨምራል እንጂ ቀንሶ አያውቅም።

ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ሕይወቱ እስካለፈ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ከሜዳ አርቆ ለማቆየት መታገሉ በዚህ ውድድር ይቆጠርለታል ወይስ አይቆጠርለትም በሚለው ላይ ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «ጎል በእግር እንጂ በደብዳቤ አይገባም» ይላል። ሌላው «እናንተ የምታደንቁት ተጫዋች ሁሉ ፊፋ ፊት ይቅርና ቀበሌ ፊት ተከራክሮ ያውቃል?» ሲል መልሷል። በድምፅ ብልጫ ለመወሰን ሲሞከር ድምፅ ቆጣሪው የተፎካካሪው የመንግሥቱ ወርቁ ደጋፊ ሆኖ ስለተገኘ ምርጫው ፈርሷል።

አንቀጽ 5፦ ስለ አራተኛዋ ጎል

የዚህ አዋጅ ወገብ ይህ አንቀጽ ነው፤ ስለዚህም ረዝሟል፤ የቸኮለ ወደ ቅጣቱ ይዝለል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ እዚሁ አዲስ አበባ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፣ ሁለት ጊዜም ተያዘች። አንዱን ግርማ ተክሌ፣ አንዱን ኢታሎ ቫሳሎ መለሱት። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ደገመና 3 ለ 2 ሆነ። በ117ኛው ደቂቃ ላይ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አስገባና ነገሩ አለቀ።

ለግብፅ አለቀ ማለታችን ነው። ለእኛ ያኔ ነው የተጀመረው። ምክንያቱም ጎሏን ያገባው መንግሥቱ ሲሆን፣ ከመስመሩ ውጪ ቆሞ ያሰለፈው አሰልጣኝ ይድነቃቸው ነበር። ሁለቱ ተፎካካሪዎች በአንዲት ጎል ላይ ተገናኝተዋል። ጎሏ የማን ናት? መንግሥቱ በዚያ ውድድር ሦስት ጎል አግብቶ ከግብፁ ባዳዊ ጋር የኮከብ ጎል አግቢነቱን ተጋርቷል፤ በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ በድምሩ 10 ጎል አለው። የይድነቃቸው ወገን ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ረጋ ብሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ «ማን አሰልፎት?»

ኮሚቴው ጉዳዩን ለማጣራት የባለሙያ ምስክር ጠርቷል። ምስክሩ በዚያ ቀን በስታዲየሙ ውስጥ በአጎታቸው ትከሻ ላይ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ቃላቸውን የሰጡት በጠረጴዛው ላይ በነበረው ዕቃ ነው። ሦስቱ ባዶ ስኒዎች የግብፅ ተከላካዮች ሆኑ፤ የስኳሩ ዕቃ በረኛው፤ የእሳቸው መነጽር መንግሥቱ ወርቁ። ኳሷን በአንዲት የቆሎ ፍሬ ወከሏት። መነጽሩ በመጀመሪያው ስኒ አለፈ፣ ሁለተኛውን አብዶ ሠርቶ ጣለው፣ ወደ ሦስተኛው ሲዞር አስተናጋጇ መጥታ «ጋሼ፣ ይነሣ?» አለች። እሳቸው ያለ መነጽር ማን እንደሆነች እንኳ ስላላዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ግብፅን በሙሉ በትሪ ላይ ጭና ሄደች። መነጽሩ በባዶ ጠረጴዛ ላይ ከስኳር ዕቃው ጋር ለብቻው ቀረ። አዛውንቱ ለረጅም ጊዜ ጠረጴዛውን ካዩ በኋላ «ልክ እንደዚህ ነበር፤ አንድም ሰው አልቀረም» አሉ።

ይህ ምስክርነት ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት አግኝቷል። ስለሆነም ማንኛዋም አስተናጋጅ ጎል እስኪገባ ድረስ ስኒ ማንሣት አትችልም። ጎሏን በተመለከተ ከወገብ በታች ያለው የመንግሥቱ፣ ከወገብ በላይ ያለው የይድነቃቸው እንዲሆን ተወስኗል። አዛውንቱ በውሳኔው አልተደሰቱም። ለማን እንደሚፈርዱ ሲጠየቁ የተጫዋች ስም አልጠሩም፤ አጎታቸው ያን ቀን ስለገዛላቸው ብርቱካን መናገር ጀመሩ። ኮሚቴው ብርቱካኑ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም ብሎ ከመዝገብ ለመሰረዝ ቢሞክርም፣ ሰራዡ አባል የገዛ አባቱ ካታንጋ ላይ የገዛለት ለውዝ ትዝ ብሎት እስክሪብቶውን አስቀምጧል።

አንቀጽ 6፦ ስለ ጥር 13 መደገም

ወጣቱ ትውልድ «እኛስ ማን አለን?» ብሎ አቤቱታ አቅርቧል። አቤቱታው ታይቷል። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ፣ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር የተጫወተችበት ቀን ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር። የመንግሥቱ ጎል በገባችበት ዕለት፣ በ51ኛ ዓመቷ። በረኛችን በቀይ ወጥቶ፣ በአሥር ሰው እየተመራን ሳለ፣ የጊዮርጊሱ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ኮሚቴው የቀኑን መግጠም ባወቀ ጊዜ ለአንድ ደቂቃ ማንም ማንንም አላቋረጠም፤ ይህም በቃለ ጉባኤው ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

የአዳነ ደጋፊዎች ይህን አንቀጽ እንደ ዋስትና ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የሳላዲን ሰይድ ደጋፊዎችም መብታቸው የተጠበቀ ሆኖ፣ በዚያው ጨዋታ የተመለሰችበትን ሪጎሬ ያነሣባቸው ሰው ወዲያውኑ ከጠረጴዛው ይነሣል። እዚህ ላይ የግል አስተያየት እንዲገባ ይፈቀድልኝና፣ ያንን ኳስ ለመምታት ለመሄድ ብቻ እኔ ብሆን እግሬ አይታዘዝልኝም ነበር።

አንቀጽ 7፦ የተከለከሉ ድርጊቶች

«ሜሲ ቢሆን ኖሮ» ማለት፤ የአርሰናል ወይም የማንቸስተር ማልያ ለብሶ ስለ ሳንጆርጅ ታሪክ ፍርድ መስጠት፤ «በዚያን ጊዜ ተከላካይ አልነበረም» ማለት፤ ስልክ አውጥቶ ቁጥር መፈለግ። በተለይ የመጨረሻው ክርክሩን በአንድ ደቂቃ ሊጨርሰው ስለሚችል ከባድ ወንጀል ነው። የጊዮርጊስ ደጋፊ ሆኖ ስለ በረኛ የሚከራከር ከተገኘ ግን አይከሰስም፤ ሻይ ይጋበዛል፤ ብቻውን ስለሆነ።

አንቀጽ 8፦ ቅጣት

ይህን አዋጅ የጣሰ ማንኛውም ሰው እንደነገሩ ሁኔታ ከአንድ ማኪያቶ በማያንስ ከጠረጴዛው ሙሉ ሂሳብ በማይበልጥ ይቀጣል። ደጋግሞ የጣሰ ከአንድ የቡና ደጋፊ ጋር ደርቢውን ጎን ለጎን ተቀምጦ እንዲያይ ይፈረድበታል። ይግባኝ ለአዛውንቱ ይቀርባል፤ አዛውንቱ ግን ይግባኙን የሚሰሙት ከ1954ቱ ጨዋታ መጀመሪያ ደቂቃ ጀምረው ስለሆነ፣ ይግባኝ ባይ ራት በልቶ እንዲመጣ ይመከራል።

አንቀጽ 9፦ የተሻሩ ሕጎች

«እኔ ስለነበርኩ አውቃለሁ» የሚለው ልማዳዊ አሠራር ተሽሯል። አዛውንቱ በቦታው እስካሉ ድረስ ይህ ንዑስ ድንጋጌ አይነበብም።

አንቀጽ 10፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ የኮሚቴው አባላት ከፈረሙበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ለፊርማ የተዘጋጀው ሰነድ ግርጌ ላይ «ለይድነቃቸው» እና «ለመንግሥቱ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ስላሉ፣ በየትኛው በኩል እንደሚፈረም እስኪወሰን ድረስ ወረቀቱ ከስኳሩ ዕቃ ሥር ተቀምጧል። አስተናጋጇ እንዳታነሣው ተነግሯታል።