«ደርቋል ወይ?»

የኦፓል ቆፋሪ ምሬቱ ቁፋሮው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቁፋሮውንስ ከነመከራው ለምደነዋል። አንጀታችንን የሚያሳርረው ድንጋዩን ይዘን ገደሉን ከወጣን በኋላ ገዢ ፊት ስንቆም የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ «ደርቋል ወይ?»

ለማያውቀው ልንገረው። ከተማችን ወገል ጤና ያለችው ወሎ ውስጥ፣ ደጋው ላይ ነው፤ ዙሪያው ሜዳ፣ ማሳው ገብስና ስንዴ። ኦፓሉ ግን ሜዳው ላይ አይገኝም። አምባው አልቆ ወደ ሸለቆው ሲቆረጥ፣ ከጫፉ 350 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ገደሉ ወገብ ላይ አንዲት ስስ ንጣፍ አለች። ውፍረቷ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜትር አይሞላም። እሷን ፍለጋ ነው ፀሐይ መውጫን በመሳሰሉ ቀበሌዎች ጎልማሳው ሁሉ በየማለዳው ቁልቁል የሚወርደው። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ነው። ሰው የወደቀበትን ቦታ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስናልፍ እናማትባለን።

ንጣፏ ጋ ስንደርስ ወደ ጎን እየቦረቦርን እንገባለን። መሣሪያችን ዶማ፣ መዶሻና ድጅኖ ነው፤ መብራታችን የእጅ ባትሪ። ጣሪያውን የሚደግፍ እንጨት አናቆምም፤ እንጨቱ ቢገኝስ በዚያ ገደል ማን ተሸክሞ ያወርደዋል? ናዳ የወሰደብን ልጆች አሉ። ስለ እነሱ እዚህ ብዙ ማለት አልችልም።

አውስትራሊያ ውስጥ ኩበር ፔዲ በምትባል የበረሃ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ ኦፓል የሚቆፍሩ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ሙቀቱ በርትቶባቸው መኖሪያቸውን ሳይቀር ከመሬት በታች ፈልፍለው ይኖራሉ። የእነሱም ኑሮ ቀላል ነው አልልም። ግን ጉድጓዳቸው የሚወርደው ከሜዳ ላይ ነው፣ አፈሩንም መኪና ላይ የተጫነ መምጠጫ ስቦ ያወጣላቸዋል። እኛ በማዳበሪያ ጆንያ እንጎትተዋለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ አብዛኛው የእነሱ ድንጋይ ውሃ አይጠጣም። የእኛ ይጠጣል፤ ጣጣው ሁሉ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

የወሎ ኦፓል ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይጠፋል፤ አሳልፎ የሚያሳይ ጥርት ያለ ነገር ይሆናል። ሲደርቅ ያ አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ሰማያዊው ተመልሶ ይመጣል። ውሃ ሲጠጣ ግን ክብደቱም ይጨምራል፤ አንዳንዱ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል። በግራም ለሚሸጥ ዕቃ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ገዢ ይጠረጥራል። መጠርጠሩ አይከፋንም፤ ከመካከላችን ነክሮ የሚሸጥ መኖሩን እናውቃለን። እሱ አንድ ቀን አተረፈ፤ እኛ ዓመቱን ሙሉ እንቀጣለን። ደላላው ድንጋዩን መዳፉ ላይ ያገላብጥና «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ውሃ አለበት» ብሎ ይቀንሳል። የደረቀውንም ያልደረቀውንም እኩል ይቀንሳል። ከዚያ ስልኩን ከፍቶ የሌላ ሰው ድንጋይ፣ የሌላ አገር ዋጋ ያሳየናል፤ ገበያው ሞቷል ይለናል። ገበያው ሕያው ነው ያለን ደላላ እስካሁን አላጋጠመንም።

አድርቃችሁ ሽጡ የሚለን አለ። ለማድረቅ ቀናት ይፈጃል። እህል ያለቀበት፣ ለልጁ ደብተር ያልገዛ፣ የባትሪ ድንጋይ ሳይቀር በዱቤ የወሰደ ሰው እነዚያን ቀናት ከየት ያመጣቸዋል? ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ፀሐይ ላይ ቢያሰጣው ደግሞ ሊሰነጠቅበት ይችላል።

ስንጥቁ ሌላ ዕዳ ነው። ከእኛ በፊት፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ከመዘዞ የወጣው የሸዋ ኦፓል ብዙው እየተሰነጣጠቀ ገዢን አስቀይሞ ነበር። የእኛው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲገኝ «የኢትዮጵያ ነው» መባሉ ብቻ ጥርጣሬ አስከተለበት። የመዘዞን ሰው አንወቅሰውም፤ እሱም መሬቱ የሰጠውን ነው የሸጠው። ግን ድንጋይ ከድንጋይ እንደሚለይ ለገበያው ለማስረዳት ስንት ጊዜ ፈጀ! ያ ሁሉ ጊዜ ከእኛ ዋጋ ላይ ነው የተቆረጠው።

ቀጥሎ ጭሱ መጣ። ፈሳሽ የሚጠጣ ድንጋይ ቀለምም ይገባዋል፣ ጭስም ይገባዋል። ከእጃችን ነጭ ሆኖ የወጣው ሌላ ቦታ በጭስ ጠቁሮ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጋሸና አካባቢ፣ ስታይሽ ላይ፣ መሬት ውስጥ ሳለ የጠቆረ እውነተኛ ኦፓል ሲገኝ ታዲያ ምን ተባለ? «በጭስ ነው ወይ?» አንዱ ያጠቆረውን ሌላው ይከፍላል። ያ ቆፋሪ ጭስ የሚያውቀው ቤቱ ምድጃ ላይ ነው።

ዘመድም አለ። ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ ይደውላል፤ «ኦፓል ላይ ነህ አሉ፣ እንግዲህ አስበን» ይላል። እንዲህ ሲል ክፋት የለበትም፤ የኦፓል ቀለበት በሱቅ መስኮት አይቶ፣ ዋጋውን ሰምቶ ነው። ወር ሙሉ አፈር ብቻ አውጥተን እንደምንመለስ፣ የተገኘችውም ለቡድኑ ተካፍላ፣ ዱቤው ተቆርጦባት ምን እንደምታህል በስልክ እንዴት ተደርጎ ይነገረዋል? ዝም እንላለን። እሱም ቆጥቋጣ ሆኑ ብሎ ይቀየመናል።

ይህን ስናሰማ ከቢሮ የሚመጣው መልስ «ለምን ቆርጣችሁ፣ አስውባችሁ አትሸጡም?» የሚል ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የሚጠላው የለም። ግን መቁረጫው መብራት ይፈልጋል፤ እጁ ሥልጠና ይፈልጋል፤ ሲቆረጥ የሚባክነውን የሚችል አቅምም ይፈልጋል። እኛ የምንለው ከዚያ የሚቀድም ነገር ነው። ወገል ጤና ላይ አንድ ማድረቂያ ክፍልና ሁለቱም ወገን የሚያምነው ሚዛን ይቁም። ድንጋዩ በባለቤቱ ስም ተመዝግቦ ይቀመጥ፤ እስኪደርቅ ድረስ ለባለቤቱ የእህል መግዣ የምታህል ብድር ይሰጠው፤ ከደረቀ በኋላ ሻጭም ገዢም ባሉበት ይመዘን። ያን ጊዜ ገዢው «ደርቋል ወይ?» ብሎ እኛን መጠየቁን ይተውና ወረቀቱን ያንብብ።