ደረጃ አውጪ በዛ

ኧረ ዘንድሮስ የማይቆጠር ነገር ጠፋ! እኛ ቅኔ ስንቆጥር የዋሸራ መምህር ስንተኛ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከወሎም ከሸዋም በእግሩ ይመጣል። በመምህሩ ዙሪያ ጎጆ ሲበዛ ዝናው ታወቀ ማለት ነው፤ አለቀ።

አሁን የልጅ ልጄ ስልኩን እያሻሸ «አባባ፣ የደብረ ማርቆስን ዩኒቨርሲቲ ደረጃ ልንገርዎ?» ይለኛል። ማን አወጣው ብለው ስፔን ነው አለኝ። ስፔን! ዌቦሜትሪክስ የሚሉት በፈረንጅ 2004 ተጀምሮ ግማሹን ነጥብ ሲሰጥ የኖረው የሌላው ድረ ገጽ ወደ እናንተ ድረ ገጽ ምን ያህል ጠቆመ እያለ ነው። መብራትና ኔትወርክ የጠፋ ሳምንት እንግዲህ ዩኒቨርሲቲያችን የለም ማለት ነው?

የሻንጋዮቹ ደረጃ አውጪዎች ይባስ። ከመቶው ሠላሳው ለኖቤልና ለመሰሉ ሽልማት ነው፤ ዐሥሩ በተመራቂ፣ ሃያው በመምህር። ጤፍ ላይና ጮቄ ተራራ ላይ የሚደክመው ልጅ ምን ይሁን? ለነገሩ ኖቤሎቹ በ1970 ስንዴ ላሻሻለው ለቦርሎግ ሰጥተዋል፤ ያውም የሰላም ብለው። ለጤፍ ምን ሊሉት ነው?

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ኪውኤስ የሚባሉት ደረጃ አውጪዎች ነገር ነው። ከመቶ ሃያውን የሚሰጡት የመምህራኑን ጽሑፍ ሌላው ስንት ጊዜ ጠቀሰው ብለው ነው። ፍረዱኝ እንጂ! ቅኔ አንዴ ይዘረፋል፣ አንዴ ይባላል፣ በቃ። የሰው ቅኔ ደግሞ ይዞ የቆመ ተማሪ ጉባኤው ይስቅበታል። በእነዚህ ሚዛን የቅኔው ዲማ ጊዮርጊስ ቢወጣ፣ ያ ሁሉ ሊቅ፣ ባዶ!

ሠላሳው ደግሞ ለዝና ነው አሉ፤ ለየአገሩ ምሁር መጠይቅ ይልካሉ።

«አባባ፣ ዋሸራስ በዝና አልነበረም?» አይለኝም ይህ ነገረኛ!

«ተው እንጂ! የዋሸራው ተማሪ ዝና ሰምቶ ይመጣል፤ በየደጁ ለምኖ፣ ውሻ ነክሶት ይማራል፤ መምህሩ ካላረካው ጎጆውን ጥሎ ሌላ ጉባኤ ይሻገራል። መጠይቅ የሚሞላው ምን ይጥላል? ማርቆስን በዓይኑ አይቷት ያውቃል?»

ዝም አለ። ትንሽ ቆይቼ፣ እስቲ ያን መጠይቅ ለእኔም ይላኩልኝ አልሁት።

«ኢሜይል አለዎት?» አለኝ።