ሳይቸግር አንበሳ

ድሮ ልጅ በ40 ወይም በ80 ቀኑ ክርስትና ይነሣ ነበር። ዛሬ የፓስፖርት ፎቶ ይነሣል። እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አራስ ጥየቃ ሄዳችሁ ገንፎውን ሳትጨርሱ አባትየው ስልኩን ያወጣና «ስድስት ወር ሲሞላት ወዴት እንደምንሄድ ገምቱ» ይላችኋል። ብትገምቱም አታገኙትም። በእኛ ጊዜ ስድስት ወር የሞላው ልጅ የሚሄደው ወደ አጥሚት ነበር።

እኔ ኋላ ቀር ነኝ። ስለዚህ ያየሁትን በአድናቆት ብቻ ልመስክር።

ባለፈው ነሐሴ የእህቴ ልጅና ባሏ የ2 ዓመት ከ7 ወር ወንድ ልጃቸውንና የ11 ወር ሴት ልጃቸውን ይዘው ወደ ኬንያ፣ ወደ ማሳይ ማራ ተነሡ። «ጀብዱ ያለበት የቤተሰብ ዕረፍት» ይባላል። «እቴቴ፣ አንቺም ነይ፤ ትዝናኛለሽ። ትኬቱን እኛ እንችላለን» አለችኝ። «ትኬቱን እኛ እንችላለን» ማለት «ልጆቹን አንቺ ትችያለሽ» ማለት እንደሆነ የገባኝ አውሮፕላን ውስጥ ነው። እህቴም ተጋብዛ ነበር። «እኔ ኬንያን አይቻታለሁ» አለችና ቡናዋን መቁላት ቀጠለች።

ለምን እንደሚሄዱ ስጠይቅ መልሱ ከሻንጣው በፊት ተዘጋጅቷል፤ ለልጆቹ ትዝታ ነው። ጥሩ ነገር ነው። የሥነ ልቦና ሰዎች እንደሚሉት አብዛኛው ሰው ሦስት ዓመት ወይም ሦስት ዓመት ተኩል ሳይሞላው የሆነበትን አያስታውስም። ስለዚህ ትዝታው ተገዝቶ፣ ተጠቅልሎ፣ በልጁ ስም ተመዝግቦ ለገዢው ይቀራል። ለጎረቤቱ ጫማ ገዝቶ፣ እንዳይቆሽሽበት ብሎ ራሱ የሚያደርግ ደግ ሰው አይታችሁ እንደሆነ፣ እንደዚያ ነው።

ዝግጅቱ የተጀመረው በክትባት ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ከ9 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ብዙ ጊዜ አይሰጥም። የእኛዋ 11 ወር ስለሆናት «ደርሳለች!» ተብሎ ቤቱ በደስታ ሞላ፤ የመጀመሪያ ጥርሷን ስታወጣ እንኳ እንደዚያ አልተደሰትንም። ቀጥሎ የወባ መከላከያ ክኒን መጣ። ተፈጭቶ በሙዝ ይሰጥ ተባለ። ትልቁ ሙዙን ዋጠ፣ ክኒኑን መልሶ ተፋ። እንዴት እንደለያቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እንግዲህ ወባ በሌለበት አገር የሚያድግን ልጅ ወባ ወዳለበት ወስዶ ከወባ መከላከል ጀብዱ ይባላል። እዚያው ወባው ያለበት ቦታ ልጅ የምታሳድገዋ ሴት ግን ጀብደኛ አትባልም። እሷ የአካባቢው ነዋሪ ናት።

ከዳለስ ኤርፖርት እስከ አዲስ አበባ 13 ሰዓት ያህል ይበረራል። ትልቁ ከፊታችን በተቀመጡ አዛውንት መላጣ ላይ የአሻንጉሊት መኪናውን ሲነዳ ሜዲትራንያንን ተሻገርን። ትንሿ ጥርስ እያበቀለች ስለነበር የጆሮዬን ጌጥ፣ ከዚያም ጆሮዬን በየተራ ነከሰች። ወላጆቹ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ስለ አፍሪካ እንስሳት ፊልም ያያሉ፤ ለጉዞው መዘጋጀት አለባቸዋ።

አዲስ አበባ ላይ ሦስት ሰዓት ቆምን። የባልየው እናት ከቦሌ ኤርፖርት በታክሲ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ይኖራሉ። የልጅ ልጆቻቸውን በአካል አይተው አያውቁም። «ለልጆቹ ውሃው አይስማማቸውም፣ አቧራውም ይጎዳቸዋል» ተብሎ በስልክ ሰላም ተባሉ። ድፎ ዳቦ ጋግረው ነበር አሉ። ማራ በገባን በሦስተኛው ቀን ግን ትልቁ አቧራውን እንደ በሶ ሲቅም አገኘሁትና አፉን ልጠርግ ስነሣ አባቱ «ተዪው እቴቴ፣ ከተፈጥሮ ጋር እየተዋወቀ ነው» አለኝ። የአዲስ አበባ አቧራ በሽታ፣ የማራ አቧራ ተፈጥሮ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ልዩነቱ የመግቢያ ዋጋው ላይ ይመስለኛል። ማራ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት የውጭ አገር አዋቂን በቀን 200 ዶላር ያስከፍላል።

ከናይሮቢ በናሮክ በኩል ስድስት ሰዓት ነድተን፣ አራት ጊዜ ለትውከት ቆመን ማረፊያችን ደረስን። ማረፊያው ድንኳን ነው። ጣሪያ ያለው ቤት እያለ ሰው በአንድ ሌሊት የወር ኪራይ የሚያህል ከፍሎ ሸራ ሥር ይተኛል። ከመሸ በኋላ ከድንኳኑ ወጥቶ እራት ለመብላት ጦር የያዘ የማሳይ ዘበኛ መጥራት ግድ ነው። ሌሊት ጅብ ሲጮህ «ስሚ እቴቴ፣ እንዴት ደስ ይላል!» ይባላል። እኛ ሰፈር ጅብ ሲጮህ በር ይቀረቀር ነበር።

አሁን ወደ ሰዓት አቆጣጠሩ ልምጣ፤ የዚህ ጀብዱ ሒሳብ ያለው እዚያ ላይ ነው። ኬንያ በዚያ ወራት ከሜሪላንድ በሰባት ሰዓት ትቀድማለች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለእነዚህ ልጆች ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ዋናው የጨዋታ ሰዓት። ድንኳኑ ውስጥ ዝላይ ሆነ፣ ድብብቆሽ ሆነ፣ ትልቁ እንደ አንበሳ አገሳ፣ ከአጠገባችን ያሉት እንግዶች እውነተኛ መስሏቸው ዘበኛ ጠሩ። አንበሳ ለማየት መኪናው የሚነሣው ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ይህ በልጆቹ ሆድ ውስጥ ባለው ሰዓት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ ሁለቱም ድብን አሉ። በአምስት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ አንበሳ አየን፤ ልጆቹ አሥራ አንዱንም ተኝተው አሳለፏቸው። ሕፃናት ወደ ማራ የሚገቡት በነፃ ነው። ፍትሐዊ ነው፤ የተኛን ሰው ምን ያስከፍሉታል?

አንድ ቀን ብቻ ነቅተው ዋሉ። የማራ ወንዝ ዳር ቆመን ዊልደቢስት የሚባሉት የዱር እንስሳት እስኪሻገሩ እንጠብቃለን። ከሚሊዮን በላይ ሆነው በየዓመቱ ከታንዛኒያ ሴሬንጌቲ እየተነሡ ወደዚህ ይዘልቃሉ። ወንዙ ውስጥ አዞ አድፍጧል። ሦስት ሰዓት ጠበቅን። በግራም በቀኝም የጎብኚ መኪና ተደርድሯል፤ የሚተነፍስ ሰው የለም። ልክ የመጀመሪያው ዊልደቢስት እግሩን ውሃው ላይ ሲያደርግ ትልቁ ቀሚሴን ጎተተኝ።

«እቴቴ፣ ካካ!»

ከመኪና መውረድ ክልክል ነው፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ማን እንደተኛ አይታወቅም። ሹፌሩ አንገቱን ነቀነቀ። የሚታጠፈው ፖፖ፣ ከሜሪላንድ በልዩ ቦርሳ የመጣው ፖፖ፣ ድንኳኑ ውስጥ ቀርቷል። እናትየው ካሜራ ይዛለች፣ አባትየው ቪዲዮ ይቀርጻል። አንድ ነገር ብቻ ተረፈ፤ አባትየው ለዚህ ጉዞ የገዛው አዲሱ ሰፊ ባርኔጣ። በምድር ላይ ካሉት ታላላቅ የእንስሳት ጉዞዎች አንዱ ከጀርባዬ ሲካሄድ እኔ ባርኔጣ ደግፌ «አይዞህ፣ አምጥ» እል ነበር። ድምፁን ሰምቻለሁ፤ እንደ ነጎድጓድ ነው። የዊልደቢስቶቹን ማለቴ ነው።

ከዚያ በኋላ ባርኔጣውን በምን እንጠቅልለው የሚለው ነገር መጣ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ ቅጣቱ ገንዘብም እስርም አለበት። በ2020 ደግሞ በጥብቅ ሥፍራዎች አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ ታገደ። እሰየው የሚያሰኝ ሕግ ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ግን ከሜሪላንድ በቀን 12 ዳይፐር የሚጨርስ ቤተሰብ ለጀብዱ ይመጣል ብለው አልጠረጠሩም። የቆሸሸውን ዳይፐር በአባትየው ሸሚዝ እየጠቀለልን አምስት ቀን ከእኛ ጋር ሳፋሪ አዞርነው። በመጨረሻው ቀን ሰውዬው በካናቴራ ቀረ።

ባልየው ይህን ሁሉ አይቶም አልተረታም። «እዪ እቴቴ፣ እነሱም እኮ ልጆቻቸውን ይዘው ነው የሚጓዙት!» አለኝ ወደ ዊልደቢስቶቹ እያመለከተ። ነገሩ ልክ ነው። የዊልደቢስት ግልገል በተወለደች በደቂቃዎች ውስጥ ቆማ ትራመዳለች፤ የእኛዋ በ11 ወሯ የሶፋ ጠርዝ ትፈልጋለች። ይህ ትንሽ ልዩነት ነው እንበል። ዊልደቢስት ግን የሚሻገረው ሣርና ዝናብ ተከትሎ ነው። ሣሩ እደጁ ቢበቅልለት ኖሮ ልጁን ይዞ አዞ ያለበት ወንዝ ውስጥ የሚዘል አንድም አይገኝም ነበር። ከሚሊዮኑ መካከል ፎቶ ለመነሣት የተሻገረ አላየሁም። «ካልጠገቡ አይዘሉ» የሚለው ተረት ለእንስሳ አይሠራም፤ እነሱ የሚዘሉት ሲርባቸው ነው። ጠግቦ የሚዘለው የእኛው ወገን ነው።

እዚህ ላይ እህቴ ያየቻትን ኬንያ ላንሣ።

በ1983 ዓ.ም.፣ ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ እህቴ የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ፣ እኔ ድስትና ጀሪካን ተሸክሜ፣ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ገባን። ማረፊያችን ዋልዳ ነበር፤ ያኔ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የሰፈሩበት ካምፕ። የዛሬዎቹ የጉዞ ወኪሎች ቢጽፉት እንዴት ያምር ነበር፦ «ከሕፃናት ጋር የማይረሳ የእግር ጉዞ። አዳር በከዋክብት ሥር። ከአካባቢው እንስሳት ጋር የቅርብ ትውውቅ። ድንኳን በነፃ፣ ምግብ በሰልፍ።» ሁሉም ነገር ተካቶበታል። የመመለሻ ትኬት ብቻ አልነበረውም።

ያቺ የታዘለችው የሁለት ዓመት ልጅ ናት እንግዲህ ዛሬ ልጆቿን ትዝታ እንዲኖራቸው ኬንያ ያመጣቻቸው። ከዋልዳ አንዲት ነገር አታስታውስም፤ ተመስገን። የእሷ ጉዞ ፎቶም የለውም። ማስረጃው እህቴ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አጥፋ ያስቀመጠችው የራሽን ካርድ ነው። ዋልዳ እንደነበረች ብትነገርም የሰው ታሪክ ይመስላታል። በመጀመሪያው ቀን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆማ ፎቶ ተነሣችና ከሥሩ «ለመጀመሪያ ጊዜ ኬንያ!» ብላ ለጠፈች። እኔም «ልብ» ሰጠኋት። ምን ልበል? ድንኳኑ አይመሳሰልም።

ከተመለስን በሁለተኛው ሳምንት እህቴ ቤት ቡና ተፈላ። የእህቴ ልጅ የፎቶውን መጽሐፍ አምጥታ እናቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። ወፍራም ወረቀት፣ 60 ገጽ። እኔም በ14 ገጽ ላይ አለሁ፤ በክርኔ። ትልቁን ልጅ «ይህ ምንድን ነው?» ብለን አንበሳውን ስናሳየው «ውሻ» አለ። እህቴ ገጹን አንድ በአንድ፣ ጣቷን እያራሰች ገለጠችው። ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«ሽንት ጨርቁን ምን አደረጋችሁት?»

ልጇ ሳቀች። ስለ ፌስታሉ ሕግ፣ ስለ ሸሚዞቹ፣ ስለ ባርኔጣው እየሳቀች ነገረቻት። እህቴም ፈገግ አለች።

«እኔ ነጠላዬን ቀድጄ ነበር» አለች። «አጥቤ እሾህ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ፀሐዩ ቶሎ ያደርቀዋል። ለእሱ ጥሩ አገር ነው።»

ሁለተኛው ተቀዳ። የእህቴ ልጅ ስኒዋን እያዞረች የከርሞውን ዕቅድ ነገረችን። የዘንድሮው በመኪና ስለነበር እውነተኛ ጀብዱ አልነበረም አሉ፤ ከርሞ በእግር ነው። ትልቁን አባትየው፣ ትንሿን እሷ፣ በጀርባ አዝለው፣ ስንቅና ድንኳን ይዘው ተራራ ሊሻገሩ ነው። ስድስት ቀን ይፈጃል። ማዘያውንም ከወዲሁ አዝዛለች፤ ወገብ የማያሳምም ዓይነት ነው።

እህቴ ረከቦቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ልጇን ትክ ብላ አየቻት።

«ልጄ፣ ማን እያባረረሽ ነው?»