የአክስቴ ልጅ ፍራሽ

ባሕር ዳር ላይ «የቆላ ድባ ልጅ ነኝ» ባልኩ ቁጥር ሰው ዋናተኛ ያደርገኛል። ጣና አጠገብ የተወለደ ሁሉ ከእናቱ ማኅፀን ቀጥታ ወደ ሐይቁ የሚዘል ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። እኛ ደምቢያዎች ለሐይቁ ጀርባችንን ሰጥተን ጤፍና ሽምብራ የምንዘራ ገበሬዎች ነን። እኔም በልጅነቴ ጣናን የማውቀው ከብት ውሃ ላጠጣ ስወርድ ብቻ ነበር፤ ጥልቀቱን የለካሁት በበሬ ጉልበት ነው። ከበሬው ጉልበት ካለፈ ለእኔ ውቅያኖስ ነበር፣ ዛሬም ነው።

እንግዲህ አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ስልክ ደውሎ «ካያክ ይዤ እመጣለሁ፤ ጣና ላይ አሳ እናጠምዳለን» ሲለኝ፣ ካያክ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ «እሺ» አልኩ። ከውጭ አገር የሚመጣ ነገር ሲሆን «እሺ» ማለት ልማዴ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጫማ ይሆናል።

ካያክ ጫማ አልነበረም። የበረዶ አገር አዳኞች ከእንስሳ ቆዳ ይሠሯት የነበረች ቀጭን የአንድ ሰው ጀልባ ናት። ፈረንጆች ዛሬ በፕላስቲክ ይሠሯታል፤ ሞተር ጀልባ መግባት በማይችልበት የባሕር ዳርቻ፣ ውሃው ጉልበት በማይደርስበት ቦታ እየቀዘፉ አሳ ያጠምዱባታል። የአክስቴ ልጅ የያዘው ደግሞ እየተነፋ የሚያብጠውን ዓይነት ነው። ቆላ ድባ፣ አክስቴ ሳሎን መሀል ሻንጣውን ከፍቶ ዘረጋው። አክስቴ አገላብጣ አየችውና «ልጄ፣ ፍራሽ እኮ እዚህም ይሸጣል። ምን አደከመህ?» አለችው።

እሱ ግን መልስ አልሰጠም፤ በእግር የሚረገጥ መንፊያውን አውጥቶ መንፋት ጀመረ። የሰፈሩ ልጆች በሩን ሞሉት። ሩብ ሰዓት ያህል ከነፋው በኋላ ካያኩ እንደ ሠርግ ድንኳን ቤቱን ሞላው፣ አክስቴም ከነመቀመጫዋ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። ከዚያ ልናወጣው ብንል በር አላሳልፍ አለ። በቁመቱም በጎኑም ሞከርን፣ ጎረቤትም እየመጣ ሐሳብ አዋጣ። በመጨረሻ ያ ሁሉ አየር እንደገና መተንፈስ ነበረበት። ሲተነፍስ ያወጣውን ድምፅ ልጆቹ እስካሁን እያስመሰሉ ይስቃሉ።

በማግስቱ በጯሂት በኩል ወደ ጎርጎራ አቅጣጫ ወርደን ዳርቻው ላይ ደረስን፤ ካያኩንም እንደገና ነፋነው። አንድ ሽማግሌ አሳ አጥማጅ ታንኳቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው ፀሐይ ያስመቷታል። ታንኳ ከደንገል የምትታሰር ናትና ውሃ ትጠጣለች፤ ካልደረቀች ትከብዳለች፣ ትበሰብሳለች፣ በጥቂት ወራትም ዕድሜዋ አልቆ ሌላ ትታሰራለች። ሽማግሌው ካያኩን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«አየር ነው፣ ጋሼ።»

«አየር ብቻ?»

«አየር ብቻ።»

«እሾህ ቢነካውስ?»

የአክስቴ ልጅ በኩራት ከኪሱ መለጠፊያ አወጣ። ሽማግሌው አዩት፣ ሐይቁን አዩት፣ ከዚያም እኔን አዩኝ። «እሱን ውሃው መሀል ሆኖ ነው የሚለጥፈው?» አሉኝ።

ካያኩ የአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እኔ የታንኳው ተሳፋሪ ሆንኩ። ታንኳ ላይ ለተሳፋሪ አንድ ሌላ የደንገል እስር ይነጠፋል፣ እንዳይረጥብ ተብሎ። ይረጥባል። ደንገሉ ስፖንጅ ነው፤ ቁጭ ባልክ በአምስተኛው ደቂቃ ጣና በሱሪህ በኩል ሰላምታ ያቀርብልሃል። ሽማግሌው ረጅሙን ቀርቀሃ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያስገቡ ሲገፉ፣ የአክስቴ ልጅም ባለሁለት ጫፍ መቅዘፊያውን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ሲያስገባ ጎን ለጎን አየኋቸው። እንቅስቃሴው አንድ ነው። ሺህ ዶላር ገደማ የወጣበት አሠራር ደምቢያ ውስጥ በደንገል እስር ሲሠራ ኖሯል ማለት ነው።

ይህን ጥበብ በዋናነት ጠብቀው ያቆዩልን በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። እኛ «ጉማሬ ይበላሉ» ብለን ፊታችንን አዞርንባቸው። ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ለመሳለም ስንሻገር ግን እነሱ ባሰሩት ታንኳ ላይ ቁጭ ብለን ነበር፣ ያውም ጸሎት እያደረስን። ይህን ሳስብ ከሱሪዬ መርጠብ ይልቅ እሱ ያሳፍረኛል።

የአክስቴ ልጅ «ጥልቀቱ ስንት ነው?» እያለ ይጮኻል። ጣና ምጣድ ነው አልኩት። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ ግን ከ14 እስከ 15 ሜትር ቢሆን ነው። በእኛ በኩል ደግሞ ወንዞቹ መገጭና ድርማ አፈሩን እያመጡ ስለሚደፉበት ብዙ ሄደህም ውሃው ወገብህ ላይ ነው፤ ከስሩ ያለው ጭቃ ግን ጫማ አይመልስም። እዚህ ሞተር አይረባም። ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 በፕሮጀክት ወደ ጣና ከገቡ ብዙ ዘመን አለፈ፤ ጥልቁን ወሰዱት፣ ጭቃውን ግን ለታንኳ ተዉላት። የቀረውን ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም ያዘው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዚሁ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ሲታይ አበባው ያምር ነበር። እኔም በነቀላ ዘመቻው ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ጋር መጥቼ ሁለት እምቦጭ ነቅያለሁ፤ አንደኛዋን ለፎቶ ድጋሚ ነቅያታለሁ።

የአክስቴ ልጅ የፕላስቲክ አሳ መንጠቆው ላይ አስሮ ወረወረ። ቀለሙ አረንጓዴና ብርቱካን፣ ዓይኑ የሚያብለጨልጭ ነው። «ጣና ውስጥ ስንት ዓይነት አሳ አለ?» አለኝ። ነጭ አሳ፣ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢዞ አልኩት። እዚህ ላይ ትንሽ ማፈር አለብን፤ ነጭ አሳ የምንለው ተመራማሪዎች 15 ገደማ ስም ያወጡለት፣ አብዛኛው ከጣና በቀር በዓለም የትም የማይገኝ ወገን ነው። እኛ ወጥ ላይ ስለምናገኘው ሁሉንም ነጭ አሳ ብለን ጨርሰናል። ጥብሱን እንጂ ዘሩን አንቆጥርም።

የፕላስቲኩ አሳ መጀመሪያ እምቦጭ አጠመደ። ቀጥሎ የሰው መረብ አጠመደ። በሦስተኛው የእኔን ጃኬት አጠመደ። ሽማግሌው ዝም ብለው ከቆርቆሮ ውስጥ አንዲት የምድር ትል አንስተው ሰጡት። ትሏ ገና ከመስጠሟ ክሩ ተወጠረ፣ ካያኩም ከነባለቤቱ መሽከርከር ጀመረ። ከጭቃው ውስጥ ጥቁር፣ ባለጢም፣ ክንድ የሚያህል ነገር ብቅ ሲል «አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የተባለው ተፈጸመ ብዬ ታንኳው ላይ ቆምኩ። ታንኳ ላይ አይቆምም። አምባዛ ኖሯል።

ውሃው ወገቤ ላይ ነበር። ይህን ያወቅሁት ግን ለረጅም ጊዜ «ድረሱልኝ» ካልኩ በኋላ ነው። ሽማግሌው ቀርቀሃቸውን ተደግፈው «ቁም እንጂ ልጄ፣ ቁም!» ይሉኛል።

እኔ ጭቃ ውስጥ ስታገል የቀትር ነፋስ መጣ። ጣና ላይ ጠዋቱ ዝምታ ነው፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ አሳ አጥማጆቹ በማለዳ የሚወጡትም ለዚህ ነው። ውሃ ጠጥታ የከበደችው ታንኳ ንቅንቅ አላለችም። በአየር የተሞላው ካያክ ግን እንደ ፊኛ ተነስቶ የአክስቴን ልጅ፣ አምባዛውንና የአንድ ሰው ብቻ የሆነውን ተንሳፋፊ ሰደርያ ይዞ ወደ ደንገሉ ሄደ። ሽማግሌው ገፍተው ደርሰው በገመድ ጎተቱት። የአክስቴ ልጅ እየተጎተተም ክርክር አላቆመም፤ ደንገል ሩቅ አያስኬድም ይላል። ቶር ሄየርዳል የሚባለው የኖርዌይ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና ደንገል አስጭኖ፣ በቻድ ሐይቅ ሰዎች አሳስሮ አትላንቲክን ለመሻገር እንደወጣ ነገርኩት። ያቺ ጀልባ መንገድ ላይ ፈረሰች፤ በዓመቱ ቦሊቪያውያን ያሰሩለት ሁለተኛዋ ግን ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። የመጀመሪያዋ የፈረሰችው ደንገሉን ወስዶ የጣናን ታንኳ አሳሪ ስለተወ ነው የሚለው የእኔ ቂም ነው፤ መረጃ የለኝም።

አምባዛውን ይዘን ቤት ስንገባ ዐቢይ ጾም መሆኑን ረስተነዋል። የአክስቴ ልጅ «አዲስ አበባ በጾም አሳ ይበላል እኮ» አለ። አክስቴም «እንግዲያው አዲስ አበባ ድረስ ውሰደው» ብላ ድስቷን ደበቀች። አምባዛው ለሰፈሩ ምግብ ቤት ተሸጠ፤ ምግብ ቤቱ በጾሙ ምክንያት በውድ ገዛው።

የአክስቴ ልጅ ሲመለስ ካያኩን ለአክስቴ ትቶላት ሄደ፤ የሻንጣ ኪሎ ከበርበሬው ጋር አልገጠመም። አክስቴ ግቢ ውስጥ ነፍታ አጋድማው ሽምብራ ሞልታበታለች፤ ዶሮ አይደርስበትም ትላለች። ካያክ የሚፈልግ አንባቢ ካለ ቆላ ድባ ይምጣ፤ ሽምብራው ተሸጦ እስኪያልቅ ግን ይታገሥ።