ስለ «ለዘር ያህል»፦ የአውድማ ልኬት አጭር ጥናት

ሊቃውንቱ ኪሎን፣ ሊትርንና ሜትርን በሚገባ መርምረዋል። «ለዘር ያህል» የተባለው መለኪያ ግን ከቁና ያላነሰ አገልግሎት ሲሰጥ ኖሮ አስታዋሽ አጥቷል። ይህ ጽሑፍ ጉድለቱን በትሕትና ለመሙላት ይሞክራል።

መለኪያው ሥራ ላይ የሚውለው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አውድማ ዳር ነው። አላፊው ቆም ብሎ «አያ፣ ዘንድሮ እንዴት ነው?» ይላል። ገበሬው መንሹን መሬት ላይ ተክሎ፣ የጤፉን ክምር በጀርባው ከልሎ፣ «ተመስገን፤ እንዲያው ለዘር ያህል አላጣንም» ይላል። ክምሩ ከቁመቱ ስለሚበልጥ ከለላው ሙሉ በሙሉ አይሳካም። ጨዋ አላፊ ግን ቀና ብሎ አያይም።

እስቲ እናስላው። የግብርና ባለሙያዎች በብተና ለሚዘራ አንድ ሄክታር ጤፍ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ዘር ይመክሩ ነበር። በቃሉ ከሄድን፣ ሁለት ሄክታር ያለው ሰው ከገመሳ እስከ ውቂያ ለፍቶ ያገኘው ቢበዛ 60 ኪሎ ነው። በጥር ይኸው ሰው ዳስ ጥሎ፣ ሰንጋ አርዶ ልጁን ይድራል። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ሒሳቡ አይናገርም፤ ገበሬውም አይናገርም።

ቃሉ እንደየአገሩ ይለዋወጣል። አንዱ «ለአፍ ያህል» ይላል፤ ሌላው «ምንም አይል» ብሎ ያልፋል። ወሎ ላይ «አልሐምዱሊላህ» ከተባለ አጥኚው ከዚያ በላይ አኃዝ አይጠብቅ። ሸዋ «በቆሎ» የሚለውን ጎንደርና ጎጃም «የባሕር ማሽላ» ይሉታል፤ በሁለቱም ስሙ ግን ዘንድሮ እምብዛም አልሆነም።

የመሬቱ ልክም የራሱ ምሥጢር አለው። ጥማድ ማለት ጥንድ በሬ በአንድ ቀን አርሶ የሚውለው ነው። ጽሕፈት ቤቶች አራቱን ጥማድ አንድ ሄክታር ብለው መዝግበዋል፤ በሬዎቹን ግን ያማከረ የለም። በትርጓሜው መሠረት በሬዎቹ ቦራና ዳልቻ ከሰነፉ ያው ማሳ ስድስት ጥማድ ይወጣዋል። ሰነፍ በሬ ባለቤቱን ባለ ሰፊ መሬት ያደርጋል ማለት ነው። ይህ ግኝት እስካሁን በፖሊሲ አልተካተተም።

መለኪያው እንዲህ የተሳለው በአጋጣሚ አይደለም። አሥራት ገማቹ ገና አዝመራው ቆሞ ሳለ ማሳ ዳር ይደርስ ነበር፤ ጭሰኛ ለሆነው ደግሞ ባለመሬቱ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ይጠብቅ ነበር። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አሥራትን ሲተካ ጠያቂው ተለወጠ እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም። በ1967 መሬቱ ከባላባቱ እጅ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታውንና የተቆረጠ ዋጋውን ይዞ ደረሰ፤ ኮታውም እስከ 1982 ዘለቀ። ዛሬ የሚመጣው የልማት ሠራተኛ ነው። «በሄክታር ስንት ኩንታል?» ይላል። ትሑት ልጅ ነው፤ አንዲት ፍሬ አይወስድም። ገበሬው ግን ደብተር የያዘ ሰው ከዚህ በፊትም አይቷል።

የመስኩ ዋና ሕግ «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ነው። የጎተራ ሳይንስ ያጸናዋል፤ በቆሎውም፣ ማሽላውም፣ ስንዴውም በወጉ ካልደረቀ ነቀዝ ይገባዋል፤ ዝምታ ግን ያለ ፀሐይና ያለ መድኃኒት ዓመታት ይቀመጣል። ለእውነት ሲባል፣ ጤፍም ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ብዙ አይደፍረውም። ተረቱ ይህን ለምን እንደዘለለ ለመረዳት ማን እንደተረተው ማሰብ ይበቃል፤ ባለ ጤፍ ስለ ጤፉ አያወራም።

አኃዙ ወደ ላይ የሚወጣበት አንድ ሁኔታ ብቻ ተመዝግቧል፤ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ ነው። ያን ቀን «ለዘር ያህል» ያገኘው ቤት ድንገት ሦስት ጎታ ሙሉ፣ አንድ ደብኝት ትርፍ፣ ሁለት ጥማድ በሬና አንዲት ወተት የማይነጥፍባት ላም ይኖረዋል። የልጅቷ አባት በበኩሉ አምኖ እንዳመነ አይናገርም፤ እሱም ባለ አውድማ ነው።

ስለዚህ ለስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የምናቀርበው ማሳሰቢያ ይህ ነው፦ ታኅሣሥ ላይ ስለ ኩንታል መጠየቁን ተዉትና፣ ጥር ላይ ለሠርግ የታረደውን ሰንጋ ቁጠሩ።