ሙሽራው ዘፈን ያውቃል

በአዊዋ ከተማ በግምጃ ቤት አንድ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ቢታይ ደስ ይለኛል። ጉዳዩ ከማንም ጋር የማያጣላ ነው፤ መተጫጨት፣ ፍቅርና ጋብቻ። ቦታውን የመረጥሁት በዘፈቀደ አይደለም። አዊ የፈረስ አገር ነው፤ ማኅበራቸውን በ1932 ዓ.ም. የመሠረቱት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ጥር 23 ቀን ፈረሳቸውን አስጊጠው ሲወጡ ያየ አዘጋጅ፣ ሙሽራዬ በምን ይመጣል ብሎ አይጨነቅም። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሙሽሮች፣ ከምሥራቅ ይምጡ ከምዕራብ፣ አስቀድሞ ዓይናቸው የሚያርፈው ግምጃ ቤት ላይ እንደሆነ ከልምድ እናውቃለን። መድረኩ ገበያው ዳር ቢተከል ይበቃል። ሰዓቱ ቀን ይሁን፤ ሰው አሁን አሁን ሳይመሽ ቤቱ መግባት ወዷል።

ለምን ኮሜዲ ለሚለኝ፣ ዘመናዊ ቴአትራችን የተወለደው በኮሜዲ ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከባሕር ማዶ ትምህርታቸው ተመልሰው የአውሬዎችን ኮሜዲያ ጻፉ፤ መኳንንቱም ቴራስ ሆቴል ተሰብስበው ተመለከቱት። በተውኔቱ ውስጥ የሚነጋገሩት እንስሳት ናቸው። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ ዳግመኛ እንዳይታይ አዘዙ። እነዚያ እንስሳት ማንን ይመስሉ እንደነበር በግልጽ የጻፈልን የለም፤ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ግን ብዙ ሳይጨነቁ የለዩ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ጸሐፌ ተውኔቶቻችን ስለ አውሬ ከመጻፍ ስለ ሙሽራ መጻፍ እንደሚሻል ተረዱ። ሠርግ የቤት ጉዳይ ነው፤ በሠርግ የሚቆጣ የለም።

መንግሥቱ ለማ በዚህ ረገድ ባለውለታችን ናቸው። በ1950ዎቹ በጻፏቸው ኮሜዲዎች፣ በ«ጠልፎ በኪሴ» ጠለፋን፣ በ«ያላቻ ጋብቻ» ደግሞ በባላባትና በገረዱ መካከል ያለውን ርቀት መሳቂያ አደረጉ። ሰዉም ሳቀ፤ ርቀቱም ባለበት ቆየ። ከእሳቸው ቀደም ብሎ፣ በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በንጉሠ ነገሥቱ ስም ተሰይሞ ለብር ኢዮቤልዩ ሲመረቅ፣ የመክፈቻው ተውኔት የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ንጉሥ ከሰገነቱ ሆኖ የአንድ ታማኝ ወታደር ሚስት አይቶ ይወዳል፤ ባልየውንም ሰልፍ ወደ በረታበት ይልከዋል። ለንጉሥ ኢዮቤልዩ ከመጻሕፍት ሁሉ ይህን ታሪክ መርጦ ማቅረብ ጥልቅ የመጽሐፍ ቅዱስ ዕውቀት ይጠይቃል። ደራሲው ጠቅላይ ሚኒስትር ስለነበሩ ዕውቀታቸውን የተጠራጠረ አልተገኘም።

ለቅርጹ ከኒው ዮርክ ብንበደር አይከፋም። ጆ ዲፒየትሮ ግጥሙን፣ ጂሚ ሮበርትስ ዜማውን የደረሱት ሙዚቃዊ ኮሜዲ በዚያ ከተማ ከ1988 እስከ 2000 ዓ.ም. 5,003 ጊዜ ታይቷል። ርእሱ በእኛ አፍ «እወድሻለሁ፣ እንከን የለሽም፣ አሁን ተለወጪ» ይሆናል። ከመጀመሪያው ቀጠሮ አንሥቶ እስከ እርጅና ያለውን ሁሉ አራት ተዋንያን ብቻ ናቸው የሚጫወቱት። አራት ለእኛም የሚስማማ ቁጥር ነው፤ ልዩነቱ እዚያ አራት ሰዎች ብዙ ፍቅረኛሞችን ሆነው ይታያሉ፣ እዚህ አራት ሙሽሮች አንዲትን ሙሽሪት በየተራ ያገባሉ።

ስለ ሙሽሪት ዕድሜ ሽማግሎቹ ገና አልተስማሙም። አንዱ በጣም ያስረዝመዋል፣ ሌላው በጣም ያሳጥረዋል፤ ክርክሩ ዱላ እስከ መማዘዝ ሲደርስ እንኳ እሷን የጠየቃት የለም። ሚናዋ ቀላል ነው። በወጋችን ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች እንጂ አትናገርም፤ ስለዚህ በቃል የምታጠናው አይኖራትም። በጠቅላላው የተመደበላት ድምፅ አንድ ነው፤ እሱንም ሌላ ሰው ይቆጥርላታል።

የመጀመሪያው ሙሽራ በተክሊል ያገባታል፤ ቅብዐ ቅዱስ ተቀብቶ፣ ዘውድ ደፍቶ፣ ሞት ካልለየ አይፈታም ተብሎ። ረጅም ትዳር ነው፤ ለመድረክ ግን ብዙ አይመችም። ባልየው እልፍኝ ውስጥ ያረጃል፤ የጓዳው ባዶነት እልፍኝ ድረስ አይሰማም። አዘጋጁ አንድ ነገር ብቻ እንዳይረሳ አደራ፤ በሠረገላ ወደ ግቢው የገባው ሰው የሚወጣው በትንሽ መኪና ነው።

ሁለተኛው ጠላፊ ነው። አንዲት ጠብታ ሳላፈስ ወሰድኋት ብሎ በአደባባይ ይምላል፤ ሚዜዎቹም ያጨበጭባሉ። ከመሐላው ቀጥሎ ያለውን ክፍል ኮሜዲ ስለማይችለው መጋረጃው ይዘጋና ከበሮ ብቻ ይሰማል። ይህ ሙሽራ ኪነት ወዳድ ነው፤ በየቀበሌው ኪነት አቋቁሞ ፍቅሩን ያስዘፍናል። ያልዘፈነ ጎረምሳ ለምን እንዳልዘፈነ በጽሞና ይጠየቃል፤ የተቀባይ እጥረት አይገጥመንም ማለት ነው።

የሕግ አማካሪ ቢያሻን ደግሞ መጻሕፍቱ አሉ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ መንገድ ካገባት ክሱን ያስቀርለት ነበር። አገራችን ይህን ቸርነት እስከ 1997 ዓ.ም. አልተወችውም። መጀመሪያ መውሰድ፣ ቀጥሎ ምስክር ጠርቶ ማስፈረም፣ በመጨረሻም ሕጋዊ ባል ተብሎ ቡራኬ መቀበል፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ለመድረክ የተደረሰ ይመስላል። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በበኩሉ በኃይል የተፈጸመን ጋብቻ ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው እንደሚችል ይደነግጋል። አቤቱታው ግን ኃይሉ ከቆመ በኋላ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይም ጋብቻው ከተፈጸመ ከ2 ዓመት ሳያልፍ መቅረብ አለበት። የተውኔቱ ምርጥ ቅብብሎሽ እዚህ ላይ ይገባል። ሙሽሪት አትናገርም ስላልን አክስቷ ትነሣና «ለመሆኑ ኃይሉ መቼ ነው የቆመው?» ብላ ታዜማለች፤ ዳኛው በወፍራም ድምፅ «ሁለቱ ዓመት አልፏል» ብሎ ይመልሳል። እሷ ጥያቄዋን ከፍ ታደርጋለች፣ እሱ መልሱን አይለውጥም። ዜማው ቀላል ነው፤ ተመልካቹ ገና በሁለተኛው ዙር የዳኛውን ክፍል አብሮ ይቀበላል።

ሦስተኛው ሙሽራ ብዙ መንገድ በእግሩ ተጉዞ የመጣና ጠላፊውን ያባረረ ነው። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል፤ ምስጋናው እንዳይረሳም በየዓመቱ ራሱ ድግስ ይደግሳል። ሰማንያ አዋቂ ነው። ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ ያስጽፋል፤ ያሻት ዕለት መፍታት እንደምትችል እንኳ በግልጽ ተጽፎላታል፤ ዘመድ አዝማድም ያን አንቀጽ ከነቁጥሩ በቃሉ ይዞታል። በየአምስት ዓመቱ «ትወጂኛለሽ ወይ?» እያለ ሳጥን ያቀርብላታል፤ እሷም መልሷን በወረቀት አጥፋ ትከታለች። ፍቅሯ ከሳጥን ወደ ሳጥን እየጠና ሄዶ በመጨረሻው ዙር ከውስጡ አንድ «አይ» የሚል ታጣ። እንዲህ የተወደደ ባል ከሦስት ዓመት በኋላ ለምን ጓዙን ጠቅልሎ እንደወጣ የሚያስረዳ ገጸ ባሕርይ ተፈልጎ አልተገኘም፤ ስለዚህ መብራቱን አጥፍቶ ማብራት ይቀላል።

አራተኛው ዘፈን ያውቃል። ከቀደሙት ሁሉ አንደበቱ የጣፈጠ ነው፤ «ፍቅር» ሲል እንባ የማያቀር ዓይን የለም። የታሰሩ አጎቶች ተፈትተው ለሠርጉ ይደርሳሉ፣ ባሕር ማዶ የቀሩ ዘመዶች በአውሮፕላን ተሳፍረው ይመጣሉ፣ ከጎረቤቱ ጋር በመታረቁ ከሩቅ ሰሜን የመጡ እንግዶች ሜዳልያ ያጠልቁለታል። ሙሽራው ለውጥ አምጥቻለሁ ሲል ሙሽሪት የሚለወጠው እሱ መስሏት ደስ ይላታል፤ ማን እንደሚለወጥ የምታውቀው ከመልስ በኋላ ነው። ያኔ የኒው ዮርኩ ርእስ ሦስተኛ ሐረግ በሙሉ ባንድ ይገባል። ጫጉላው ሳይወጣ በጓሮ በኩል ጠብ ቢሰማ ከበሮውን ከፍ ማድረግ ነው።

ባልየው ቤት ማሳመር ይችልበታል። ኮሪደሩን አስፍቶ መብራት ይሰቅልበታል፣ አበባ ይተክልበታል፤ ለማስፋቱ የሙሽሪት እናት ጎጆ ወደ ዳር ፈቀቅ ማለት ነበረበት፣ ፈቀቅ ብሏል። እንግዳ የሚያልፈው በኮሪደር ነው፤ ጓዳ ድረስ ገብቶ እንሥራ የሚያንኳኳ እንግዳ ጨዋ አይባልም። የመድረክ አስጌጫችን ይህን ትዕይንት እጅግ ይወደዋል። እኔ የምሰጋው ወጪውን ነው፤ በድግሱ ማግስት ግምጃ ቤት ባዶውን እንዳይቀር።

ስለ አጃቢዎቹ ልናገር። ሚዜዎቹ በአራቱም ሠርግ እነዚያው ናቸው። ይህን ያደረግሁት ወጪ ለመቀነስ አይደለም፤ ሚናውን ከእነሱ በተሻለ የሚያውቀው ስለሌለ ነው። በየመሐሉ ልብስ የሚቀይሩበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጣቸው፤ ከዚያ ያለፈ ዝግጅት አይሹም። ከየትኛውም ሙሽራ ጋር ተጣልተው አያውቁም፤ ያለፈውን ባል ክፋት ግን ከሚስቲቱ አብልጠው ያውቃሉ፤ የሚያወሩትም በአዲሱ ማዕድ ዙሪያ ነው። አዝማሪውም አንድ ይበቃል። ማሲንቆውን ቅኝት ሳይለውጥ፣ ግጥሙን ሳያፈርስ፣ የሙሽራውን ስም ብቻ አውጥቶ ሌላ ያስገባል። ጥሩ ድምፃውያን ባሕር ዳር፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አይጠፉም፤ ሚዜዎቹን ግን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም፣ በየወረዳው አሉ።

ስለ ፈቃዱም የሚያሳስብ ነገር የለም። ቅድመ ምርመራ በሕግ ከቀረ ቆይቷል። ድርሰቱን ቀድመው የሚያነቡ ሰዎች አስተያየት ብቻ ነው የሚሰጡት፤ አስተያየታቸውን መቀበልም አለመቀበልም የደራሲው ነጻነት ነው። አስተያየት ያልተቀበለ ደራሲ በመጣ ቁጥር አዳራሹ እድሳት ላይ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው። ስለ መጨረሻው ገቢር ከወዲሁ የደረሰኝ አስተያየት አንድ ነው፤ ፍቺ ለቤተሰብ ተመልካች ስለማይመች ሙሽሪት ከትዳር ወደ ትዳር ትሂድ እንጂ ብቻዋን ስትቀመጥ አትታይ የሚል። ለአንድ ቀን እንኳ በገዛ ቤቷ ብቻዋን ብትሆን ምን ልትል እንደምትችል አስተያየት ሰጪዎቹን ሳያሳስባቸው አልቀረም።

ለአምስተኛው ሙሽራ ሚና ማስታወቂያ ቢለጠፍ ተወዳዳሪ ሞልቷል። ከአሁኑ በየጋራው ድምፁን የሚሞርድ አለ፤ ሁሉም እሷን ከእኔ በቀር የሚወድ የለም ይላል፣ ሁሉም ከቀደሙት አራቱ የተለየ ዜማ ይዣለሁ ይላል። አንዳንዶቹ መሣሪያቸውን ራሳቸው ይዘው ነው የሚመጡት። መሣሪያችሁን በር ላይ አስቀምጡና በባዶ እጃችሁ ዝፈኑልን ቢባሉ፣ ያለ መሣሪያ ድምፃችን አይሰማም የሚሉ ይመስለኛል።