ጥፍር መሳያው ግንድ

ድሮ፣ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሳይገባ፣ ከዘይላ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ ጀልዴሳ ያርፍ ነበር። አቡጀዲው ከግመል ይወርድና ለሐረር ዳገት በበቅሎና በአህያ ይጫናል፤ ከሐረር የወረደው ቡናና ቆዳ ደግሞ በግመል ወደ ባሕሩ ይሄዳል። የጭነት እንስሳቱም እዚያው አንድ መንደር ሆነው ይኖሩ ነበር።

አንድ ቀን እንኮዬ አህያ ከደረቁ ወንዝ ዳር፣ ከእሾህ ሥር፣ አጥንቷ የወጣ የድመት ግልገል አግኝተው አዝለው አመጧት። መንደሩ ደስ አለው፤ አይጥ ጆንያ እየቀደደ የስንቁን ማሽላ ሲፈጅ ከርሟልና።

ድመቷ አይጡን አጠፋች። ግን ከእንቅልፏ በተነሣች ቁጥር የአያ ግመልን ኮርቻ ትቧጥጣለች። ተቆጧት፣ ውሃ ረጩባት፤ ሌሊት ተመልሳ ቧጠጠች።

እንኮዬ አህያ፣ ሸክም ያጎበጠው የሌላውን ወገብ ያውቃልና፣ እንዲህ አሉ፦ «አያ ግመል፣ ልጅቷ ክፋት የለባትም። ያረጀው የጥፍሯ ቅርፊት መውለቅ አለበት፤ ወገቧም መፍታታት ይፈልጋል። ቆማ የምትንጠራራበት፣ የማይነቃነቅ የግራር ግንድ ከመኝታዋ አጠገብ ትከሉላት። ቃጫ ጠምጥሙበት። እግሯን ይዛችሁ አትጎትቷት፤ ክር አንጠልጥሉበትና ራሷ ትድረስበት። ስትቧጥጠው ወተት አቅምሷት።»

እንዳሉት ተደረገ። ድመቷ ማለዳ በኋላ እግሮቿ ቆመች፣ ጀርባዋን ለጠጠች፣ ጥፍሯን ቃጫው ውስጥ ሰክታ ቁልቁል ሳበች። ከግንዱ ሥር ቆልማማ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የጥፍር ቅርፊት ወደቀ። ኮርቻውም ዳነ።

ግንዱ ስም አወጣ። ከዘይላ የመጣ ግመል ሁሉ «ኮርቻ ያዳነው የቱ ነው?» ይላል። አያ ግመልም «እንዲህ ያለ ነገር ጆንያ መካከል አይቆምም» ብለው አስነቀሉና ከደጃቸው አስተከሉት። ድመቷ ያን ሁሉ መንገድ እየሄደች ትቧጥጠው ጀመር።

እመት በቅሎ ደግሞ ቃጫው መተልተሉን አዩ። «የሐረር ሹማምንት ቢመጡ ምን ይላሉ?» አሉ። ቃጫው ተፈታ፣ ግንዱ ተላገ፣ ቅቤ ተቀባ። ድመቷ ጥፍሯን ብትሰካ ተንሸራትታ ወደቀች። ውለታ ቢስ ተባለች።

ቀጥሎ ግንዱ የእሾህ አጥር ታጠረለት። ድመት እንዳታስጠጋ ተብላ ፍየል ዘበኛ ተቀጠረች፤ ቀለቧም ከድመቷ ወተት ላይ ተቀነሰ።

ድመቷ ወደ ኮርቻው ተመለሰች። ሸንጎ ተቀመጠ። «ግንድ ተክለንላት ሳለ!» አሉ ሁሉም። እንኮዬ አህያ ሊናገሩ ቢነሡ፣ «ለግንዱ ያልደከመ አይናገርም» ተባሉ። ግንዱን ከጫካ ተሸክመው ያመጡት እሳቸው ነበሩ። ድመቷ ከግንዱ በተፈታው ቃጫ አራት እግሯን ታሰረች።

አይጦቹ መጡ። ማሽላውን ጨረሱ፣ የኮርቻውን ጠፍር በሉ፣ ከዚያ ቅቤው ሸተታቸውና ወደ ግንዱ ሄዱ። ፍየሏ አልተኛችም ነበር። የታዘዘችው ግን ድመት እንድትከለክል ነውና አጥሩን ከፍታ አሳለፈቻቸው።

ግንዱ ሌሊቱን ተገዝግዞ ወደቀ። ሲነጋ ሽማግሎቹ የጥርሱን ምልክት ዳሰሱ፣ ተመካከሩ። «እግሯ ታስሯል፤ እንግዲህ በአፏ ነው» ብለው ፈረዱ። ለአፏ የሚሆን ቃጫ ግን አልተረፈም፤ እንኮዬ አህያ ሐረር ወጥተው እንዲያመጡ ታዘዙ።